ሳጥን መክፈት ጥፋት አይደለም፤ ስለ «እውነተኛ» አሻንጉሊት ሰብሳቢ ለተጻፈው ምላሽ

አዋቂ ሆነው አሻንጉሊት ስለሚሰበስቡ ሰዎች በቅርቡ በአማርኛ የወጣ አንድ ጽሑፍ ሰብሳቢዎችን በደረጃ ከፋፍሎ አስቀምጧል። እንደ ጽሑፉ ከሆነ እውነተኛ ሰብሳቢ ሳጥን አይከፍትም፤ ለልጆች መጫወቻ ተብሎ የተሠራውን አይነካም፤ አሮጌ ፖርሴሊን (ነጭ የሸክላ አሻንጉሊት) እና በቁጥር ተወስኖ የወጣውን ብቻ ይገዛል፤ ፋብሪካ የቀባውን ፊት አይለውጥም። ጥቁር አሻንጉሊቶችም፣ ይላል ጽሑፉ፣ የነጮቹ ርካሽ ግልባጭ ስለሆኑ ለስብስብ ክብር አይጨምሩም። የሬዚን (ፈስሶ የሚደርቅ ጠንካራ ፕላስቲክ) አሻንጉሊት ኮፒ የገዛ ሰው ደግሞ በአደባባይ ተጋልጦ ከሰብሳቢዎች መሐል መውጣት አለበት።

ጸሐፊው ዋጋ በደንብ ያውቃሉ። ከነጥቦቻቸውም የመጨረሻው ግማሹ ትክክል ነው፤ እዚያ ስንደርስ እናነሳዋለን። የቀሩት ግን በአብዛኛው አሻንጉሊት ከምን እንደሚሠራና በምን እንደሚበላሽ ከሚታወቀው ጋር አይገጥሙም። ምላሹን የጻፍነው ንቀቱ ጀማሪን ከማሸማቀቁ ሌላ አሻንጉሊቶቹንም ስለሚጎዳ ነው። ለመጠየቅ ያፈረ ሰው ያገኘውን አሻንጉሊት በአሴቶን (የጥፍር ቀለም በሚያስለቅቀው ፈሳሽ) ያቀልጠዋል፤ በፌስታል ጠቅልሎ ቋጥሮ ያበላሸዋል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችና ቀኖች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ያልተከፈተ ሳጥን አሻንጉሊቱን ከፋብሪካ እንደወጣ ያቆየዋል የሚለው የጽሑፉ ዋና ምሰሶ ነው። አያቆየውም። ሳጥኑ የተሠራው በሱቅ መደርደሪያ ላይ ለጥቂት ወራት እንዲያምር ነው፤ ለ40 ዓመት ማኖሪያ አይደለም። ርካሽ ካርቶን አሲድ አለው፤ ራሱ ቢጫ እየሆነ የነካውን ነጭ ጨርቅም ቢጫ ያደርጋል። የአሻንጉሊቷ እጅ አንጓ የታሰረበት ላስቲክ ይደርቅና ገላዋ ከተሠራበት ለስላሳ ፕላስቲክ፣ ከቪኒሉ፣ ጋር ተጣብቆ ምልክት ይተዋል። የሽቦ ማሰሪያው ይዝጋል። ጥቁር ሰማያዊና ቀይ ልብስ ቀለሙን ወደ ቪኒሉ ያሳልፋል፤ ቀለሙ ወደ ውስጥ ስለሚሰርግ በሳሙና አይለቅም።

ከሁሉ የከፋው ከራሱ ከቪኒሉ የሚመጣው ነው። ቪኒል የምንለው ፒቪሲ በተፈጥሮው ደረቅ ስለሆነ በፋብሪካ ማለስለሻ ኬሚካል ይቀላቀልበታል። ማለስለሻው ከፕላስቲኩ ጋር የተዋሃደ አይደለም፤ ከዓመታት በኋላ ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወጣል። የአሮጌ አሻንጉሊት እግር እጅ ላይ የሚጣበቀው፣ አቧራ የሚስበው ለዚህ ነው። ሙቀት ያፈጥነዋል። የታሸገ ፕላስቲክ ደግሞ የወጣውን አፍኖ እዚያው ያስቀረዋል። ባሕረ ሰላጤው አገሮች ውስጥ ማቀዝቀዣ በሌለው ዕቃ ቤት ሳጥኑ ሳይከፈት የከረመ አሻንጉሊት፣ አዲስ አበባ ውስጥ ተከፍቶ ጥላ ባለበት መደርደሪያ ላይ ከተቀመጠው ቀድሞ ይጣበቃል። ሲጣበቅ በለብ ያለ ውኃና በፈሳሽ የዕቃ ሳሙና ታጥቦ፣ ደርቆ፣ አየር በሚያገኝበት ቦታ ይቀመጣል። ከወራት በኋላ ሊመለስ ይችላል፤ ያን ጊዜ እንደገና ይታጠባል። ሳጥኑ ካልተከፈተ ግን ይህን ማድረግ ቀርቶ መኖሩንም ማወቅ አይቻልም።

የጆሮውን አረንጓዴ እድፍም እናንሳ፤ ጽሑፉ እንዲህ ያለች ባርቢ ለቆሻሻ ቅርጫት ናት ብሏልና። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ባርቢዎች የጆሮ ጌጥ መውጊያው መዳብ አለበት። መዳቡ ከቪኒሉ ጋር ሲቆይ አረንጓዴ ሆኖ ወደ ጉንጭ ይዛመታል፤ ጌጡ እስካልወጣ ድረስ በተዘጋ ሳጥን ውስጥም አይቆምም። መፍትሔው ለብጉር የሚሸጠው 10% ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ያለበት ነጭ ቅባት ነው። ጌጡ ይወጣል። ደህናው ቆዳ ዙሪያውን በቫዝሊን ይሸፈናል። ቅባቱ በስቴኪኒ ጫፍ አረንጓዴው ላይ ብቻ ይደረግና እንዳይደርቅ በስስ የምግብ መጠቅለያ ፕላስቲክ ተሸፍኖ ብርሃን ያለበት ቦታ ይቀመጣል። በየቀኑ ታጥቦ ይታያል፤ ካስፈለገ ይታደሳል። ጥልቅ እድፍ ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል። የሚበላሸው አንድም ሳይታይ ብዙ ቀን ቆይቶ ቪኒሉን ሲያነጣው፣ አንድም ከንፈርና ጉንጭ ደርሶ የፋብሪካውን ቀለም ሲያጠፋው ነው። ጌጡ ከዚያ በኋላ ለብቻው ይቀመጣል እንጂ ወደ ጆሮዋ አይመለስም።

ሳጥኑን ሳያበላሹ መክፈትም ይቻላል። ከሥሩ ይጀመራል፤ ቴፑ መገናኛው ላይ በቀጭን ምላጭ ይቆረጣል እንጂ አይቀደድም። ውስጠኛው ካርቶን ከነአሻንጉሊቱ ተስቦ ይወጣል። ማሰሪያዎቹ ከጀርባ በኩል በጥፍር መቁረጫ ይቆረጣሉ። ጭንቅላቷን ከካርቶኑ ጋር የያዘው ጫፉ እንደ ቲ ፊደል የሆነ የፕላስቲክ ክር በፍጹም አይጎተትም፤ ጭንቅላቷን ቀዶ ይወጣል። በጭንቅላቷና በካርቶኑ መሐል ተቆርጦ የቀረው ጫፍ እዚያው ይተዋል፤ ጸጉሯ ይሸፍነዋል። በጥቁር ልብስና በቪኒሉ መሐል አሲድ የሌለበት ስስ ወረቀት ወይም የታጠበ ነጭ ጥጥ ጨርቅ ይገባል። ባዶው ሳጥን ጠፍጣፋ ሆኖ ይታጠፍና ይቀመጣል፤ ለመሸጥ የሚያስብም ከሳጥኑ ጋር ይሸጣታል። ማኖሪያው ከ18 እስከ 21 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ እርጥበቱም ከ45 እስከ 55 በመቶ ቢሆን ይመረጣል። አዲስ አበባ በሙቀቷ ትመቻለች፤ ነገር ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች የፀሐይዋ ጨረር ብርቱ ነው። መስኮት አጠገብ የሚቀመጥ አሻንጉሊት እዚያ ቶሎ ይደበዝዛል።

ለልጆች የተሠራ አሻንጉሊት ስብስብ አይባልም ለሚለው መልሱ የመጀመሪያዋ ባርቢ ራሷ ናት። የአሜሪካው መጫወቻ አምራች ማቴል መጋቢት 9 ቀን 1959 ኒውዮርክ ላይ ያቀረባት ባለ 29 ሴንቲ ሜትር አሻንጉሊት ዋጋዋ 3 ዶላር ነበር፤ የተሠራችውም ልጆች ልብሷን እያወለቁና እያለበሱ እንዲጫወቱባት ነው። ዛሬ ጸሐፊው ከላይኛው መደርደሪያ የሚያስቀምጧት እሷን ነው። ብላይዝ የተባለችው አሻንጉሊትም እንዲሁ ናት። ሌላው የአሜሪካ መጫወቻ አምራች ኬነር በ1972 አንድ ዓመት ብቻ ሠርቶ ተዋት። በጭንቅላቷ ጀርባ ያለው ገመድ ሲሳብ የዓይኗ ቀለም አራት ዓይነት ይሆናል፤ ልጆቹ ግን አልወደዷትም። በ2000 አንዲት ኒውዮርካዊት ፎቶ አንሺ በመጽሐፍ ካወጣቻት በኋላ የጃፓኑ ታካራ በ2001 እንደገና ማምረት ጀመረ። ሁለቱንም ያተረፏቸው መደርደሪያ ላይ የተረሱ መጫወቻዎችን ዞር ብለው ያዩ ሰዎች ናቸው።

በተቃራኒው ለሰብሳቢ ተብሎ የወጣውን እንይ። የበዓል ባርቢ በ1988 ስትጀመር ፈላጊዋ በዛ። በቀጣዮቹ ዓመታት ሰው ዋጋዋ ይወጣል ብሎ የየዓመቱን ሳጥን ሳይከፍት አከማቸ፤ ፋብሪካውም በብዛት አመረተ። ሁሉም ሸፍኖ ያስቀመጠው ዕቃ ብርቅ ሊሆን ስለማይችል የ1990ዎቹ ምርቶች ዛሬ በሁለተኛ እጅ ገበያ በርካሽ ይገኛሉ። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ በደብዳቤ ትእዛዝ የተሸጡ ብዙ የፖርሴሊን አሻንጉሊቶችም የምስክር ወረቀታቸው በምድጃ መተኮሻ ቀናት ብዛት የተወሰነ እትም ይላል። የቀን ገደብ ነው እንጂ የቁጥር ገደብ አይደለም፤ በእነዚያ ቀናት ስንት እንደተሠራ ወረቀቱ አይናገርም።

እዚህ ላይ ጀማሪዎች በብዛት የሚታለሉበትን አንድ ነገር ጽሑፉ ሊያስተምር ሲችል አልፎታል። ከብዙ ባርቢዎች ጀርባ በታች 1966 ተብሎ ተጽፏል። ይህ የሚዞረው ወገብ መብት የተመዘገበበት ዓመት ነው እንጂ አሻንጉሊቷ የተሠራችበት አይደለም፤ በ1990ዎቹ በተሠሩትም ላይ አለ። የመጀመሪያዋ የ1959 ባርቢ በመቆሚያ ላይ የምትሰካበት ቀዳዳ ከእግሯ ሥር አላት፤ ውስጡም በመዳብ ቱቦ የተሸፈነ ነው። የዓይኗ ብሌን ዙሪያ ነጭ፣ ቅንድቧ ሹል ነው። ይህን ለማወቅ ሁለት ደቂቃ ይበቃል፤ «1966 ባርቢ አገኘሁ» ያለን ሰው መሳቂያ ከማድረግ ይህን መንገር ይቀላል።

ስለ አሮጌ ፖርሴሊን አጭር ነገር እንበል። ዕድሜ ብቻውን ብርቅ አያደርግም። የጀርመኑ አርማንድ ማርሴይ 390 የሚል ቁጥር ያለበትን ራስ እጅግ በብዛት አምርቷል፤ ከመቶ ዓመት በላይ ቢሆነውም ዋጋው ከብዙ ዘመናዊ ሬዚኖች ያንሳል። ከ1891 ጀምሮ ወደ አሜሪካ የሚገባ ዕቃ የአገሩን ስም እንዲይዝ ሕጉ ስላስገደደ፣ በራሱ ጀርባ ጀርመን የሚል ጽሑፍ መኖሩ ዘመኑን ለመገመት ይረዳል። ከመግዛት በፊት ዊጉ ቀስ ተብሎ ይነሣና ትንሽ ባትሪ በራሱ ውስጥ ይበራል፤ ስንጥቅ ካለ እንደ ጸጉር የቀጠነ ጥቁር መስመር ሆኖ ይታያል። ዊጉ የማይነሣበት አሻንጉሊት ላይ ሻጭ ችኮላ ካሳየ መጠርጠር ነው።

ጥቁር አሻንጉሊቶች የነጮቹ ግልባጭ ናቸው የሚለውን በጥንቃቄ እንመልሳለን፤ ከፊሉ እውነት ስለሆነ ነው። ማቴል በ1967 ያወጣት ጥቁር ፍራንሲ የነጯን ፍራንሲ ፊት እንዳለ ይዛ ቆዳዋ ብቻ ቡናማ የሆነች ነበረች። ይህ ግን የፋብሪካ ቁጠባ ነው፤ ታሪኩም እዚያ አልቆመም። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ከ1965ቱ የዋትስ ሰፈር ዓመፅ በኋላ የተቋቋመው ኦፕሬሽን ቡትስትራፕ የተባለ የጥቁሮች ማኅበር በ1968 ሺንዳና የተባለ አሻንጉሊት ፋብሪካ ከፈተ። የመጀመሪያ ምርቱ ቤቢ ናንሲ የራሷ አፍንጫ፣ የራሷ ከንፈርና የራሷ ጉንጭ ተቀርጾላት ወጣች፤ ከነጭ ፊት ተገልብጣ ቡናማ የተቀባች አልነበረችም። ሮቸስተር፣ ኒውዮርክ የሚገኘው ብሔራዊ የመጫወቻዎች የክብር አዳራሽ በ2020 ተቀብሏታል። በማቴልም በኩል ክሪስቲ በ1968 የባርቢ ጓደኛ ሆና ወጣች፤ ባርቢ የሚለውን ስም ራሱን የያዘች ጥቁር አሻንጉሊት ግን እስከ 1980 አልነበረችም። የነደፈቻት ኪቲ ብላክ ፐርኪንስ ናት። እነዚህ የሌሉበት ስብስብ ስለ 20ኛው መቶ ዘመን አሻንጉሊት የሚናገረው ግማሽ ታሪክ ነው።

ጥንዶቹ የሥነ ልቦና ምሁራን ኬኔትና ማሚ ክላርክ በ1940ዎቹ ለጥቁር ሕፃናት ነጭና ቡናማ አሻንጉሊት እያሳዩ የትኛዋ ጥሩ እንደሆነች ሲጠይቁ አብዛኞቹ ነጯን መረጡ። ይህ ግኝት የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1954 ነጭና ጥቁር ተማሪዎችን በትምህርት ቤት መለየትን ሲሽር በውሳኔው ከተጠቀሱት አንዱ ነው። አዋቂ ሰብሳቢ፣ ያውም በአማርኛ የሚጽፍ፣ ያንኑ ምርጫ የክብር መለኪያ አድርጎ ሲያቀርበው ዝም ብለን ማለፍ አንችልም።

ጽሑፉ ጸጉሯ የቀላ አሮጌ ክሪስቲ በሰው እጅ የተበላሸች ናት ማለቱም ስሕተት ነው። የዚያ ዘመን ክሪስቲና ሌላዋ የማቴል ጥቁር አሻንጉሊት ጁሊያ ጥቁር ቡናማ ጸጉራቸው ከጊዜ ብዛት በራሱ ወደ ቀይ ይለወጣል፤ የጸጉሩ ቀለም ኦክሲጅን ሲያገኘው የሚሆን ነው። ሰው ቀብቶት እንደሆነ ለመፈተሽ ከማይታይ ቦታ ጥቂት ጸጉር በእርጥብ ነጭ ጥጥ ይታሻል። ጥጡ ቀለም ከያዘ መጠራጠር ይገባል፤ ካልያዘ ግን ማረጋገጫ አይደለም።

ፊት መቀየር ማበላሸት ነው ለሚለው መልሳችን አሻንጉሊቷን ማየት ነው። የ1959 ባርቢን ፊት መፋቅ ማበላሸት ነው፤ እኛም አንመክርም። ከልባሽ ተራ የተገኘች፣ አፍንጫዋ የተፋቀና ጸጉሯ የተቆረጠ የ2010ዎቹ ሞንስተር ሃይ የተባለች የማቴል አሻንጉሊት ግን ፊቷ ቀድሞ ጠፍቷል። ለሠዓሊ እጅ ጥሩ መለማመጃ ናት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ጸጉሯ በስስ ፕላስቲክ ይጠቀለላል። የቪኒል ራስ ላይ ያለው የፋብሪካ ቀለም አሴቶን በነካ ጥጥ ቶሎ ቶሎ ተጠርጎ ይለቃል፤ ከዚያ በሳሙና ይታጠባል። ራሷ ቪኒል ቢሆንም አካሏ ደረቅ ፕላስቲክ ስለሆነ አሴቶን ጠብ ቢልበት ይቀልጣል፤ ስለዚህ ራሷ ከአንገቷ ትወጣለች። አንገቱ እንዳይሰበር ራሷ ለጥቂት ደቂቃ በሙቅ ውኃ ውስጥ ትለሰልሳለች። ሬዚን ላይ አሴቶን ጨርሶ አይሞከርም። ከደረቀ በኋላ ደብዛዛ ማሸጊያ ስፕሬይ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ርቀት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ በስሱ ይነፋል። ይህ ለቀለሙ መያዣ ነው፤ ያለ እሱ ፓስቴሉ ይንሸራተታል። ደረቅ ፓስቴል በምላጭ ተፍቆ ዱቄት ሲሆን በለስላሳ ብሩሽ ለጉንጭና ለዓይን ዙሪያ ይደረጋል፤ ቅንድብና ሽፋሽፍት በውኃ ቀለም እርሳስ ይሳላል። በየደረጃው አንድ ስስ ስፕሬይ ይነፋል፤ ከዚያ በኋላ የሚሳሳቱት ቢጠረግ የታችኛው አይነካም።

የሚከሽፈው ሦስት ቦታ ነው። እርጥብ አየር ላይ የተነፋ ማሸጊያ ነጭ ጉም ሆኖ ይደርቃል፤ ስለዚህ በሐምሌ ዝናብ መሐል መንፋት አይገባም። ለእንጨትና ለብረት የሚሸጠው ስፕሬይ ቫርኒሽ በቪኒል ላይ ሳይደርቅ እየተጣበቀ ሊቀር ይችላል፤ ለሞዴል ሥራ የተዘጋጀው ይመረጣል። ሦስተኛው የሠሪው ጤና ነው፤ የጨርቅ ማስክ የኬሚካል ትነት አያስቀርም፤ የትነት ማጣሪያ ካርትሪጅ ያለው መተንፈሻ ማስክ ያስፈልጋል፣ የሚነፋውም ክፍት ቦታ ላይ መሆን አለበት።

ጥቅልል ጸጉር ለምትፈልግ አሻንጉሊትም መንገድ አለ። ጸጉሯ በጥቂት በጥቂቱ ተከፍሎ ለእጅ ሥራ በሚሸጠው ጸጉራም ሽቦ ላይ ይጠመጠማል፤ ጸጉሩ ብቻ ከመፍላት ዝቅ ባለ ውኃ ለጥቂት ሰከንድ ይነከርና ወዲያው ቀዝቃዛ ውኃ ይከተለዋል። ሽቦው የሚፈታው በደንብ ከደረቀ በኋላ ነው፤ አንድ ሙሉ ቀን መተው ነው። ናይለንና ሳራን ጸጉር ይህን ይይዛል። በርካሽ አሻንጉሊቶች ላይ የሚበዛው ፖሊፕሮፒሊን ግን ቶሎ ይፈታል። ፊቷ የተቀየረች አሻንጉሊት ስትሸጥ መቀየሯ በግልጽ ይነገራል፤ ከሐቀኛ ሰብሳቢ የሚፈለገው ይኸው ነው።

አሁን ወደ ሬዚኑ። መገጣጠሚያቸው ኳስ የሆነ የሬዚን አሻንጉሊቶች ታሪክ የጃፓኑ ቮልክስ በ1999 ሱፐር ዶልፊ የተባለውን ሲጀምር ይነሣል። ቀራፂው ዋናውን ቅርጽ ይሠራል፤ በላዩ የሲሊኮን ቅርጽ ማውጫ ይፈሳል፤ ከዚያ ሁለት ፈሳሾች ተቀላቅለው የሚደርቅ ፖሊዩሬታን ይገባበታል። የሲሊኮኑ ማውጫ ከጥቂት አሥር ቅጂ በኋላ ያልቃል፤ ዋጋው ከሚወደድበት ምክንያት አንዱ ይህ ነው። ኮፒ አድራጊው ከተሸጠ አሻንጉሊት ላይ ማውጫ ይወስዳል፤ የቀራፂውን የወራት ድካም ሳይከፍል ይሸጣል። ጸሐፊው ይህን ስርቆት ማለታቸው ትክክል ነው፤ ኮፒ አይገዛ ባይ ነን።

የማንስማማው መፍትሔ ባሉት ላይ ነው። የምስክር ወረቀቱን ፎቶ ያላሳየ ይባረር ብለዋል። ወረቀት ይጠፋል፤ ወረቀትም ይቀዳል። ብዙዎቹ ጀማሪዎች የገዙት ከሁለተኛ እጅ ነው፣ ኮፒ መሆኑንም አያውቁም። እነሱን ከማሸማቀቅ ይልቅ አለካኩን ማስተማር ይሻላል። ሬዚን ሲደርቅ ትንሽ ይኮማተራል፤ የቅጂ ቅጂ ስለዚህ ከዋናው በጥቂቱ ያንሳል። ቁመቱ፣ የራስ ዙሪያውና የዓይኑ ስፋት በሚሊ ሜትር ተለክቶ ፋብሪካው ካወጣው ልክ ጋር ይመዛዘናል። የጣትና የጆሮ ውስጥ መስመሮች የደበዘዙ፣ መገጣጠሚያ ኳሱ ጎድጓዳው ውስጥ የማይቀመጥ፣ አየር አረፋ የበዛበት ከሆነ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ቢጫ መሆን ግን የኮፒ ምልክት አይደለም፤ ማንኛውም ፖሊዩሬታን ሬዚን በፀሐይ ጨረር ቢጫ ይሆናል፣ ውዱም ጭምር። ማዘግየት እንጂ ማስቀረት አይቻልም።

ገንዘብ ላነሰው ሰው ሕጋዊ መንገድ አለ። 60 ሴንቲ ሜትር ከሚሆነው ይልቅ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነው ትንሹ ዓይነት በዋጋ በጣም ይቀላል። ብዙ ሠሪዎች በየወሩ እየከፈሉ ማጠናቀቅ ይፈቅዳሉ። የላላ ላስቲክ ያለው ሁለተኛ እጅ አሻንጉሊት መቆም ስለማይችል ብቻ በርካሽ ይሸጣል፤ ለ60 ሴንቲ ሜትሩ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ክብ ላስቲክ ተገዝቶ በአንድ ከሰዓት ይታደሳል። አሮጌው ላስቲክ ከመቆረጡ በፊት ርዝመቱ ሳይወጠር ይለካል፤ አዲሱ በጥቂቱ አጥሮ ይቆረጣል። በጣም ካጠረ ጉልበቱ በራሱ ይታጠፋል፤ መገጣጠሚያውም ሊሰነጠቅ ይችላል።

ኮፒ መግዛቱን ዘግይቶ ያወቀ ሰውም አሻንጉሊቱን መደበቅ የለበትም። የራስ ክዳኗ ሲከፈት ውስጡ ሰፊ ቦታ አለ፤ እዚያ ላይ በማይለቅ ቀለም «ኮፒ» ብሎ ይጻፍበት፤ ነገ ከእጁ ብትወጣም ቀጣዩ ሰው እንደ ዋና ቅጂ አይገዛትም።